ከአሮጌ ጋውኔ የተሰፋው ከረጢት

ጉለሌ ውስጥ መንጠቆ ይዛ ዓሣ የምታጠምድ ሴት አለች ብላችሁ ብታወሩ፣ "የቱ ሐይቅ ላይ?" ብለው ይስቁባችኋል። ይሳቁ። ያቺ ሴት እኔ ነኝ። ሂሩት እባላለሁ፤ ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ ካሉት መድኃኒት ቤቶች በአንዱ እሠራለሁ፤ አንዲት ልጅ አለችኝ። የማጫውታችሁ ነገር ከቅበላ እሑድ እስከ ሁዳዴ የመጀመሪያው ማክሰኞ ድረስ ተጀምሮ ያለቀ ነው። እኔ ላይ ግን እስከ ዛሬ አላለቀም።

ያደግኩት ዝዋይ ነው። አባቴ ወንድ ልጅ ስላልነበረው መንጠቆውን ለእኔ አስያዘኝ፤ እናቴ ደግሞ "ዓሣ ዓሣ የምትሸት ልጅ ማን ያገባታል?" እያለች ስትበሳጭ ኖረች። አንድ ሰው አገባኝ፤ ጉለሌ አመጣኝ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ትቶኝ ሄደ። እሱ ዓሣ የሌለበት ሌላ ታሪክ ነው። ነፍሰ ጡር ሆኜ ብቻዬን ስቀር በሬን ያንኳኳችው ጎረቤቴ መሠረት ነበረች፤ መሲ እንላታለን። ምጥ ሲይዘኝ ሆስፒታል ያደረሰችኝ እሷ ናት። የአራስ ገንፎዬን ያገነፋችው እሷ ናት። ልጄ ሶስና ክርስትና ስትነሳ ታቅፋ የቆመችው፣ ማዕተቧን ያሰረችላት እሷ ናት።

ከዚያን ቀን ወዲህ መሲ ጎረቤቴ መሆኗ ቀርቶ አበልጄ ሆነች። ባልና ሚስት ይፋታሉ፤ ወንድማማቾች በርስት ይካሰሳሉ፤ አበልጅ ተፋታ ሲባል ግን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔም አልሰማሁም። ስለዚህ የማውቀውን ሁሉ አውቃ፣ የምወደውን ሁሉ አይታ ነው የኖረችው።

ከምወዳቸው ነገሮች አንዱ ቦዩ ነበር። ከጉለሌ እጽዋት ማዕከል ወዲያ፣ ታክሲ ከሚያበቃበት አልፎ፣ ከእንጦጦ የሚወርደውን ውሃ የሚያቁር ትንሽ ግድብ አለ። ከግድቡ ወደ አትክልተኞች ማሳ የሚሄደው ውሃ በድንጋይ በተገነባ አሮጌ ቦይ ያልፋል፤ ከቅዝቃዜው የተነሳ እጅ ያደነዝዛል። ቦዩ ውስጥ ገበያ ላይ ዱባ የሚሉት ድብልብል ዓሣ በሽ ነው። ከዱባው ሌላ ግን ጎኗ በነጠብጣብ የተሞላ፣ ቀጠን ያለች ፈጣን ዓሣ ነበረች። ትራውት ትባላለች። ቀዝቃዛና ንጹሕ ውሃ ካላገኘች አልኖርም የምትል ቅንጡ ናት። ማን አምጥቶ እንደጨመራት እንጃ፤ አንዱ ፈረንጅ ነው ይላል፣ ሌላው ደግሞ መልአክ ነው ይላል።

የቦዩ ጠባቂ ጋሽ በዳዳ ነበሩ። ግድቡ አጠገብ የአትክልተኞቹ ማኅበር በሰጣቸው ባለ አንድ ክፍል ቤት ከባለቤታቸው ከአዴ ጫልቱ ጋር ይኖሩ ነበር። መጀመሪያ ቀን መንጠቆዬን ይዤ ስደርስ ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣

"አንቺ ማነሽ? እብድ ነሽ ወይስ ሰላይ?" አሉኝ።

"ሁለቱንም አይደለሁም። የዝዋይ ልጅ ነኝ።"

ሳቁ። ስቀው ሲያበቁ ግን ሕግ አወጡልኝ። "በመንጠቆ ብቻ። መረብ የለም። ዱባውን ውሰጂ፣ ነጠብጣቧን መልሺ። እነዚህ ጥቂት ናቸው፤ ካለቁ አለቁ ነው። ይህን ውሃ አንድ ሰው ቢነካው ከዚህ ቤት የሚያስወጡት እኔን ነው። ገባሽ ኢንተላ ኮ?" ኢንተላ ኮ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ያኔም እስከ ዛሬም ሲጠሩኝ እንዲሁ ነው።

"ገብቶኛል። በልጄ ይሁንብኝ" ብዬ ማልኩላቸው።

በዚያው ሰሞን አንዲት ትልቅ ትራውት መንጠቆዬን ዋጠችና ስታገል የላይ ከንፈሯ ተቀደደ። ፈትቼ መለስኳት። ትሞታለች ብዬ ሳዝን፣ በሳምንቱ የውሃ መልቀቂያው ድንጋይ ጥላ ሥር ተሰንጥቃ የዳነች ከንፈሯን ይዛ ቆማ አየኋት። ጋሽ በዳዳ ወይዘሮዋ ብለው ስም አወጡላት። በመጣሁ ቁጥር "ወይዘሮዋ ዛሬ ስለ አንቺ ስትጠይቅ ነበር፤ ያቺ ከንፈር ቀዳጅ የት ጠፋች አለች" ይሉኛል። ከቅዳሴ መልስ ዳቦዬን ይዤ፣ ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ፣ እሷን ሳላያት አልሄድም።

እንዲህ ያለ ቦታ ለብቻ አይበላምና አንድ እሑድ መሲን ይዣት ሄድኩ።

"አበልጄ ናት" ብዬ አስተዋወቅኳቸው።

ጋሽ በዳዳ እጇን በሁለት እጃቸው ያዙና፣ "እንግዲያ አንቺ ማለት ናት" አሉኝ። አዴ ጫልቱም እርጎ አቀረበችልን። መሲ መንጠቆ መያዝ አልሆነላትም፤ ትሉን ስታይ ትጮሃለች። ቦዩን ዳር ዳር እየተከተለች ግን ወደ ውሃው ስታይ ዋለች። "ሂሩትዬ፣ ይሄ ሁሉ ዓሣ ዝም ብሎ ተቀምጦ?" አለችኝ ስንመለስ። ሳቅሁ እንጂ ልብ አላልኩም። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው የተባለው እውነት ነው።

መሲ ያን ዓመት ጳውሎስ አጠገብ ዓሣ ቤት ልትከፍት ተነስታ ነበር። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለካህናቱ ልተወውና፣ ሁዳዴ ሲገባ የሆስፒታሉ ጠያቂና ተማሪ ዓሣ ቤት በር ላይ እንደሚሰለፍ ግን በዓይኔ አይቻለሁ። ቤቱን ያሳመረችው ከእኔ ጋር ነው። የመጋረጃውን ቀለም መረጥን፤ የበሩን ጽሑፍ አስጻፍን፤ የሚከፈትበትንም ቀን ለሁዳዴ ሰኞ ቆረጥን።

ጥር ላይ አንድ ቀን በማዳበሪያ ከረጢት የብርብራ ፍሬ ይዛ ቤቴ መጣች። ብርብራን የማታውቁት ካላችሁ፣ በገጠር ፍሬውን ወቅጠው መዥገርና ቅማል የሚገድሉበት ዛፍ ነው።

"የእናቴን ላሞች መዥገር ፈጃቸው" አለች። "ዘመዶቻችን ከአገር ቤት ይህን ላኩልን። አንቺ የመድኃኒት ሰው ነሽ፣ አወቃቀጡን ታውቂበታለሽ ብዬ ነው።"

የመሲ እናት እውነትም ላሞች ነበሯቸው፤ የሶስናን ወተት የምንወስደው ከእሳቸው ነው። ወቀጥኩት። አፍንጫዬን በሻሽ አስሬ፣ ዓይኔ እያለቀሰ፣ እንደ በርበሬ አድርጌ ነፋሁት። ዱቄቱ እንዳይበንም ከአሮጌ ነጭ ጋውኔ ከረጢት ሰፋሁለት፤ የደረት ኪሱ እንኳ ሳይፈታ ከረጢቱ ላይ ቀረ።

"ላሞቹ ከሚጠጡበት ውሃ እንዳታደርሱት" አልኳት ሳስረክባት።

"ምነው፣ ይገድላል?"

"ላሙን አይደለም። ዓሣ ግን ያፍናል። ድሮ ወንዝ ውስጥ በጨርቅ ቋጥረው ያሹትና ዓሣው ተገልብጦ ሲንሳፈፍ ይለቅሙታል። አባቴ እንዲህ የሚያደርግ ሰው ካየ ለሰላምታ እንኳ እጁን አይሰጥም ነበር።"

"ጉድ ነው!" አለች መሲ። ከረጢቱን ተቀብላ ጉንጬን ሳመችኝ።

የቅበላ እሑድ ወደ ቦዩ ልሄድ ስል ደወለች። "ሂሩትዬ፣ ዛሬን ለእኔ ስጪኝ። እኔና ወንድሜ ዓሣውን ከነጋዴው ልናመጣ ነው፤ ነገ የሚበቃ ሽንኩርትና ቃሪያ የሚከትፍልኝ የለም።" አበልጅ ጠይቃ እንዴት ይቀራል? ቀኑን ሙሉ ዓሣ ቤቱ ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት ስከትፍ ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ ትልልቅ ሳፋዎች በጆንያ ሸፍነው አስገቡ። መሲ ጫማዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ በጭቃ ርሷል።

"ምን ሆናችሁ?" አልኳት።

"መንገዱ ነዋ! በቃ አታንሺብኝ፣ ሞቻለሁ። ሂጂ፣ አንቺም ቅበላሽን ብዪ።" ሥጋ ጠቅልላ ሰጠችኝ፤ ከሶስና ጋር በላን።

ሰኞ ጠዋት ሥራ ቦታ ስልኬ ጮኸ። ጋሽ በዳዳ ናቸው፤ ድምፃቸው የእሳቸው አይመስልም።

"ኢንተላ ኮ፣ ውሃው ምን ሆነ? ትናንት ከጫልቱ ጋር ልጄ ዘንድ ለቅበላ ወርጄ ነበር። ስመለስ ዓሣው ሁሉ ተገልብጧል። ዱባው፣ ነጠብጣቧ፣ ትንንሹ ሁሉ። አትክልተኞቹ ውሃው ተመርዟል፣ ማን አስገባ ብለው ይጮሁብኛል።"

"ወይዘሮዋስ?"

"ድንጋዩ ሥር የለችም" አሉኝ።

ፀረ ተባይ ረጭተው ዕቃውን ቦዩ ውስጥ ያጠቡ ሰዎች ይሆናሉ ብዬ ነው ያሰብኩት፤ በማርያም እንዲያ ነው ያሰብኩት። መጀመሪያ የደወልኩት ለማን ይመስላችኋል? ለመሲ። እያለቀስኩ ነገርኳት።

"ውይ! ምን ጉድ ነው! ምስኪን ሽማግሌ!" አለች። "አይዞሽ፣ ምረቃው ካለቀ በኋላ ከሰዓት አብረን እንሄዳለን። ምሳ ሰዓት ላይ እንዳትቀሪብኝ ግን።"

አልቀረሁም። ዓሣ ቤቱ ጢም ብሎ ነበር። ከፊት ወንበር አስቀመጡኝ፤ እኔ ግን እንግዳ ሆኖ መቀመጥ መች አስችሎኝ፣ አስተናጋጆቹ ሲዋከቡ ሳይ እጄን ልታጠብና ላግዝ ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ። ሌላ እንግዳ ቢሆን ኖሮ እዚያ አይገባም ነበር፤ አበልጅ ግን ጓዳ አይከለከልም። ማብሰያው አጠገብ ያለው ሳፋ ላይ የነበረውን ጆንያ ገለጥኩት።

ከላይ ዱባ ነው። የአንዱን አፍ በጣቴ ከፈትኩ፤ መንጠቆ አልነካውም። ጎኑን አየሁ፤ መረብ አልፋቀውም። ገፋ ገፋ ሳደርጋቸው ከሥራቸው ነጠብጣብ ብቅ አለ። ሳብኩት። ረጅም ነበረች፣ ከባድ ነበረች፣ የላይ ከንፈሯም ተሰንጥቆ የዳነ ነው።

ወይዘሮዋ በእጄ ላይ ነበረች።

"ሂሩትዬ! እንግዳ አይደለሽ እንዴ፣ ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?" መሲ ትሪ ይዛ ገባች።

"ይቺ ማን ናት?" አልኳት።

"ምን ማለትሽ ነው፣ ዓሣ ናታ።"

"መሲ። ይቺ ማን ናት?"

ትሪውን አስቀመጠችና በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችው። "እ... ስሚኝ። የዝዋዩ ነጋዴ ጉድ ሠራኝ። መኪናው ተበላሸ አለኝ፤ ሰው ጠርቻለሁ፣ ምን ላድርግ? በቃ ጨነቀኝ።"

"ብርብራውን የወቀጥኩልሽ ጥር ላይ ነው። ነጋዴው የቀረብሽ መቼ ነው?"

ትሪውን መልሳ አነሳች።

"የእናትሽ ላሞች መዥገር ነበረባቸው ወይስ አልነበረባቸውም?"

"መዥገር የሌለበት ላም የት አለ?" አለችኝ።

ይህን ስትል ፊቷ ላይ ሐፍረት ፈለግሁ። ብስጭት ብቻ ነው ያየሁት፤ ሥራ ያስፈታኋት ብስጭት። ሽንኩርቱን ያስከተፈችኝ እንዳልሄድባት ነው። ቦታውን ያሳየኋት እኔ፣ ዱቄቱን የነፋሁላት እኔ፣ ምን እንደሚያደርግ የነገርኳት እኔ። እጄ ላይ ያለችውን ዓሣ ወርውሬባት ብወጣ ይወጣልኝ ነበር፤ አላደረግኩትም። ጆንያው ላይ ቀስ ብዬ አስተኛኋት።

"ጋሽ በዳዳን ሊያስወጧቸው ነው" አልኳት።

ያኔ ማልቀስ ጀመረች። እጄን ያዘች። "ነገ ራሴ ሄጄ እናገራለሁ። እኔ ነኝ እላለሁ፤ የሚሉኝን እከፍላለሁ። በሶስና ይሁንብኝ! ዛሬን ብቻ ዝም በይልኝ። አንቺ ካጋለጥሽኝ ግን ሰው ምን ይላል? ራሴ ልናገር።"

በልጄ ማለች። እኔም ለጋሽ በዳዳ የማልኩት በልጄ ነው። አመንኳት፤ ሌላ ምን ላደርግ እችል ነበር?

ከሰዓት ብቻዬን ቦዩ ሄድኩ። አዴ ጫልቱ የሞተውን ዓሣ በዘንቢል እየለቀመች ጉድጓድ ትከታለች፤ ለእኔ ሰላምታ አልሰጠችኝም። ጋሽ በዳዳ ወደ ቤቱ ጀርባ ወሰዱኝና ከካፖርታቸው ውስጥ የታጠፈ ነጭ ነገር አወጡ። ገና ሳይዘረጉት አወቅኩት። ኪሱ ከላይ አለ።

"የውሃ መልቀቂያው በር ላይ ተጣብቆ አገኘሁት። ታውቂዋለሽ?"

"አውቀዋለሁ። የእኔ ጋውን ነው።"

"አንቺ ነሽ?"

"አይደለሁም፣ ጋሼ።"

ዓይኔን አዩኝ። ከዚያ ከረጢቱን አጥፈው መልሰው ካፖርታቸው ውስጥ ከተቱት። "እሺ" አሉ።

"ያደረገው ሰው ነገ ራሱ መጥቶ ይናገራል። ምሎልኛል" አልኳቸው።

"እሺ።"

አዴ ጫልቱ ከኋላችን መጥታ ሰምታ ኖሯል። "ታዲያ ይህን ጨርቅ እሳት ውስጥ ለምን አትጨምረውም?" አለቻቸው።

"ካቃጠልኩት እሷ ናት ብዬ አመንኩ ማለት ነው" አሉ።

ማክሰኞ ጠዋት አትክልተኞቹ ግድቡ ዳር ያለው ዛፍ ሥር ተሰበሰቡ። የማኅበሩ ሊቀመንበር መሐል ተቀምጠዋል፤ ጋሽ በዳዳ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። መንገድ መንገዱን ሳይ ቆየሁ። መሲ ነጠላዋን ተከናንባ ብቅ ስትል የተሰማኝን እፎይታ አልረሳውም። "መጣች፣ አበልጄ ናት፣ መች ትዋሻለች" እያልኩ በሆዴ አመሰገንኳት። ሥፍራዬን ለቀቅኩላት፤ ወደ መሐል ገባች።

"እኔ የመጣሁት ኅሊናዬ ስላላስቻለኝ ነው" ብላ ጀመረች። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። "ሂሩት አበልጄ ናት። ልጇን ክርስትና ያነሳሁላት እኔ ነኝ። ስለዚህ ይህን መናገር ይከብደኛል።"

አሁንም አልገባኝም። እንዲህ ያለ ሞኝ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

"ጥር ላይ ብርብራ ስትወቅጥ አይቻታለሁ" አለች መሲ። "ለምንድነው ስላት ለመዥገር ነው አለችኝ። እሷ ላም የላትም። ዱቄቱን ከሥራ ጋውኗ ከረጢት ሰፍታ ጨመረችው፤ ኪስ አለው። እሑድ ዕለት ዓሣ አምጥታ ሸጠችልኝ። ከዝዋይ ነው ስላለችኝ ገዛሁ። ብርብራው ትዝ ያለኝ የዚህን ነገር ወሬ ስሰማ ነው።"

"መሲ!" አልኩ። "መሲ፣ ምን እያልሽ ነው?" አላየችኝም። ጮህኩ። እውነቱን ሁሉ ከሥር ከመሠረቱ ዘረገፍኩት፤ ላሞቹን፣ ሽንኩርቱን፣ የራሰውን ጫማ፣ ወይዘሮዋን። እውነት ግን በጩኸት ሲወጣ ውሸት ይመስላል። የእሷ ውሸት ደግሞ ነጠላ ተከናንቦ፣ ዝግ ብሎ፣ እያዘነ ነበር የተናገረው። አትክልተኞቹ እኔን አይተው እሷን አዩ።

"ታዲያ ለምን ትናንት አልተናገርሽም?" አሉኝ ሊቀመንበሩ።

"ራሷ እናገራለሁ ብላ ምላልኝ..."

ማጉረምረም ተነሳ። ሊቀመንበሩ ወደ ጋሽ በዳዳ ዞሩ። "በዳዳ፣ እዚህ ከረጢት አግኝተሃል?"

ልባችሁ እንዲያውቅ፣ "አላገኘሁም" ቢሉ በዚያች ቅጽበት ነገሩ ያበቃል። ከረጢት ከሌለ የእሷ ወሬ ወሬ ነው። እኔም ቢሉልኝ ብዬ ተመኘሁ። ጋሽ በዳዳ ግን እጃቸውን ካፖርታቸው ውስጥ ከተቱና ከረጢቱን አውጥተው ሊቀመንበሩ ፊት ድንጋይ ላይ አኖሩት። ኪሱ ወደ ላይ ሆነ።

"ደብቀህልን ነበር?"

"አዎ።"

"የሷ መሆኑን አውቀህ?"

"አዎ፣ የሷ ጋውን ነው። እሷ ግን አይደለችም።"

"በምን አወቅክ?"

"ጠየቅኳት" አሉ ጋሽ በዳዳ። "አይደለሁም አለችኝ።"

አንዳንዶቹ ሳቁ። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ነገር የመሰከረልኝ ሰው የለም፤ ሲስቁባቸው ግን ምንም ማድረግ አልቻልኩም። ውሳኔው ብዙ አልቆየም። እኔ ሁለተኛ ቦዩ ዳር እንዳልደርስ፣ ጋሽ በዳዳ ደግሞ የጥፋተኛ ዕቃ ደብቀዋልና ቤቱን እንዲለቁ ተባለ። መሲ ከመሐል ወጥታ በአጠገቤ ስታልፍ፣ "አንቺ ምን ታጪያለሽ? መድኃኒት ቤት ሥራ አለሽ። እኔ ገና መጀመሬ ነው" አለችኝ፣ ቀስ ብላ፣ እንደምታስረዳኝ ያህል። ከቀናት በኋላ ስለ ጋሽ በዳዳ አንድም ቃል እንዳልተነፈሰች አስታወስኩ። የረሳቻቸው አይመስለኝም። ከሂሳቧ ውጪ ነበሩ።

ዕቃቸውን ስንጭን አዴ ጫልቱ ቀድማ አቀፈችኝና አለቀሰች። ጋሽ በዳዳ የቤቱን ቁልፍ አስረክበው መጡ።

"ኢንተላ ኮ፣ ያን ቀን ስለዚያች ሴት አንቺ ማለት ናት ብዬ ነበር" አሉኝ። "ያን ቃል ተሳስቼ ነው ያልኩት። አንቺ ማለት አንቺ ብቻ ነሽ።"

አሁን ሱሉልታ ልጃቸው ዘንድ ናቸው። ወር በገባ ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ። ስለ ቦዩ አንስተው አያውቁም፤ የቧንቧ ውሃ ሲቀዱ ግን ባልዲው ውስጥ ጎንበስ ብለው ሲያዩ አይቻቸዋለሁ።

እናንተዬ፣ ሰው የሚጎዳው በጠላት ነው ያለው ማን ነው? ጠላቴ ቦዩን አያውቀውም። ጠላቴ ጋውኔ ኪስ እንዳለው አያውቅም። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲሉ የሰማሁት በልጅነቴ ነው፤ ትርጉሙን ያወቅኩት መሐል ቆሜ "መጣችልኝ" ባልኩበት ደቂቃ ነው። ይቅር በያት የሚሉኝ አሉ፤ የንስሐ አባቴም ብለውኛል። እየሞከርኩ ነው። ዓሣ ቤቱ በር ላይ ሳልፍ ግን አንጀቴ እርር ይላል፤ ይህን ብደብቃችሁ እኔም ዋሾ ነኝ። ሰልፉ አሁንም አለ።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ፣ አበልጅነታችሁስ? ነው። ነገርኳችሁ እኮ፣ አይፋታም። ሶስና የክርስትና እናቷን መሳም ግዴታዋ ነው፤ በእኔ ቂም የልጄን ማዕተብ አልበጥስም። በየፋሲካው የሀገር ልብሷን አልብሼ እስከ መሲ ግቢ በር እወስዳታለሁ። እሷ ትገባለች፤ እኔ ውጪ እጠብቃለሁ።

ባለፈው ፋሲካ አዲስ ቀሚስ በፌስታል ይዛ ወጣች። እጄን ይዛ እየዘለለች ትንሽ እንደሄድን፣

"እማ፣ ክርስትና እናቴ 'እናትሽ አሁንም ዓሣ ታጠምዳለች?' አለችኝ" አለች።

"አንቺስ ምን አልሻት?"

"አዎ አልኳት። 'የት?' አለችኝ።"

ቆምኩ። "እሺ?"

"'እኔንም ይዛኝ ሄዳ አታውቅም፣ ለማንም አትናገርም' አልኳት።" ቀና ብላ አየችኝ። "እኔ እኮ ለማንም አልናገርም ነበር፣ እማ።"